ቤቱን ያዳነው መቆለፉ አይደለም፦ ስለ ብሌችሊ ፓርክ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አንድ የእንግሊዝ ማነር ቤት፣ ማለትም ስለ አንድ የገጠር ጌታ ትልቅ መኖሪያ፣ የተጻፈ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ እጅ በእጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ቤቱ ብሌችሊ ፓርክ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንና የጣሊያን ምስጢራዊ መልእክት የተፈታበት ግቢ። የምኖረው እዚያው አካባቢ፣ ሚልተን ኪንስ ስለሆነ ሰው ሁሉ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይለኛል።

ጽሑፉ ደስ ብሎ ይነበባል። ጸሐፊው ለቅርስ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። በዚህ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የተረኩት ታሪክ ግን ብዙ ቦታ ላይ ስህተት አለበት። ከዚያ ታሪክ ያወጡት ምክር ደግሞ የእኛኑ አሮጌ ቤቶች የሚጎዳ ነው። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ብሌችሊ ፓርክ ከጥንት ጀምሮ በአንድ የመኳንንት ዘር እጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቤት ነው ይላሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ጦርነቱን አስቀድሞ አይቶ ቤቱን እንደመረጠው ይነግሩናል። አላን ቱሪንግ የተባለ ሊቅ እዚያ ቤት ተቀምጦ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች የምስጢር መልእክት መጻፊያ ማሽን ብቻውን እንደፈታ፣ ኢትዮጵያም ነጻ የወጣችው በዚያ ቤት እንደሆነ ይጨምራሉ። ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ እንግሊዞች ቤቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠበቁት ይላሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ይመጣሉ። አሮጌ ቤት ቢሮ፣ ትምህርት ቤት ወይም ሻይ ቤት ሲገባበት ይረክሳል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ታሪካዊ ቤቶችም ሰው ይውጣላቸውና ይታጠሩ ነው የሚሉት።

በየተራ ልመልስ። ለየት ብዬ ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ረዘም የማደርገውም እሱን ነው። ማነር የሚለው ቃል ሲጀመር የቤት ስም አልነበረም። የመሬት ሥርዓት ስም ነው። ጌታው በመሬቱ የሚኖረውን ገበሬ ያስገብራል፣ በማሳው ያሠራዋል፣ በራሱ ችሎት ይዳኘዋል። ለእኛ አንባቢ ቶሎ የሚገባው ጉልት ብንለው ነው። ልክ አንድ አይደሉም፤ ግብርንና ዳኝነትን በአንድ እጅ በመያዝ ግን ይቀራረባሉ። ማነር ቤት ማለት እንግዲህ ያ ጉልተኛ የሚኖርበትና ችሎት የሚያስችልበት ቤት ነው። በ1086 ቀዳማዊ ዊልያም ባስጻፈው የመሬት መዝገብ ውስጥ ዛሬ ብሌችሊ ፓርክ ያለበት ቦታ የኢተን ማነር አካል ሆኖ ይገኛል። ጸሐፊው ሺህ ዓመት ያሉት ከዚህ ተነስተው ይመስለኛል። መሬቱን ማለታቸው ከሆነ እውነት አላቸው። ቤቱ ግን ሌላ ነው።

በዚያ መሬት ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ የምናውቀው ብራውን ዊሊስ ነው፤ በ1711። ዊሊስ የጥንት ነገር ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። የእንግሊዝን ካቴድራሎች እየዞረ ታሪካቸውን ሲመዘግብ የኖረ ነው። በአቅራቢያው በፌኒ ስትራትፎርድ ያሠራው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ምእመን ይሰበሰብበታል። መኖሪያ ቤቱስ? ከሞተ በኋላ ቦታው ቶማስ ሃሪሰን እጅ ገባ፤ እሱም በ1793 አፈረሰው። ዕድሜውን የሌሎችን ጥንታዊ ሕንፃ ሲመዘግብ የኖረ ሰው የሠራው ቤት መቶ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ጸሐፊውም ቢያነቡት የሚያዝኑ ይመስለኛል።

«ብሌችሊ ፓርክ» የሚለው ስም የመጣው እንኳን በ1877 ሳሙኤል ሴክሃም ቦታውን ሲገዛ ነው። በ1883 ደግሞ ለኸርበርት ሊዮን ተሸጠ። ሊዮን የመኳንንት ዘር አይደለም። በለንደን የገንዘብ ገበያ ሀብት ያፈራ አይሁዳዊ ነው። ኋላ የፓርላማ አባል ሆነ። የባሮኔትነት ማዕረግ ያገኘው በ1911፣ ቤቱን ከገዛ ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የምናየው ቤት የእሱ ሥራ ነው። ያገኘውን ቤት እየቀጠለ፣ ክፍል እየጨመረ አሳደገው።

ፊት ለፊቱ ስትቆሙ ይህ ራሱ ይታያችኋል። አንዱ ጥግ ላይ አረንጓዴ የመዳብ ጉልላት አለ። ከሱ ቀጥሎ ቀይ ጡብ፣ ከዚያ ነጭ ድንጋይ፣ ከዚያ ሹል ጣሪያ። አንዱ መስኮት ከሌላው አይገጥምም። በሩን ግራና ቀኝ ክንፍ ያላቸው የድንጋይ አራዊት ይጠብቁታል። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ጣሪያው በጌጥ የተሞላ የዳንስ አዳራሽ አለ። አንድ አሜሪካዊ አርክቴክት በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ሠርቶ ነበርና ቤቱን ክፉኛ ተችቶታል። እኔ እወደዋለሁ። ሰው ገንዘብ ባገኘ ቁጥር አንድ ክፍል የጨመረበት ቤት መሆኑ ያስታውቃል።

ሊዮን በ1926 ሞተ። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ገበሬውን ከማነር ጌታ ጋር ያስተሳስር የነበረው የመሬት ይዞታም በእንግሊዝ በሕግ ቀርቷል። የሊዮን ሚስት ሌዲ ፋኒ በጥር 1937 አረፈች። ከዚያ ቤቱ ተሸጠ። በሊዮን ቤተሰብ እጅ የቆየው 54 ዓመት ነው። የገዛው ኹበርት ፎክነር የሚባል የሕንፃ ተቋራጭ ሲሆን ሐሳቡ በቦታው ላይ መኖሪያ ቤቶች ሠርቶ መሸጥ ነበር። አንድ ዘር፣ አንድ ቤት የሚለው ትረካ እንግዲህ ከየትም አይገጥምም።

በእርግጥ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ዘር የቆየ ቤት የለም ማለቴ አይደለም። በርክሊ ካስል ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በበርክሊ ቤተሰብ እጅ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ በቲኬት ይጎበኛል።

ሁለተኛውን ባጭሩ ልለፈው፤ ጸሐፊው እዚህ ጋ ግማሽ እውነት አላቸው። ቤቱን ከነ58 ኤከር መሬቱ፣ ማለትም 23 ሄክታር ገደማ፣ በ1938 የገዛው የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድሚራል ሂዩ ሲንክሌር ነው። ጦርነት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየቱ እውነት ነው። ግን መንግሥት በጀት የለኝም ስላለው ከራሱ ገንዘብ እንደከፈለ ነው የሚነገረው። ይህ የአንድ ሰው እልህ እንጂ የመንግሥት አርቆ አስተዋይነት አይደለም። ደግሞም የተፈለገው ቤቱ አልነበረም። የተፈለገው የባቡር ጣቢያው ነው። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣው ሐዲድና ኦክስፎርድን ከካምብሪጅ የሚያገናኘው ሐዲድ ብሌችሊ ላይ ይገናኙ ነበር። ዋናው የስልክ መስመርም በአቅራቢያው ያልፋል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ያፈሯቸውን ምሁራን በባቡር ለማምጣት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የመጀመሪያው ቡድን በ1938 ሲመጣ የካፒቴን ሪድሊ የአደን ጓደኞች ነን ብሎ ነው። ከለንደኑ ሳቮይ ሆቴል የመጣ ምግብ አብሳይ ሳይቀር ነበራቸው። የአገሬው ሰው ባለጠጎች ለአደን መጡ ብሎ አሰበ። በማነር ቤት ደግሞ ያ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

አሁን ወደ ቱሪንግ። ቱሪንግ ታላቅ ሰው ነው። በመጨረሻ የደረሰበት ግፍም ያንገበግባል። ግን «ብቻውን ፈታው» ሲባል የስንት ሰው ድካም ይጠፋል! ኤኒግማን ቀድመው የፈቱት ፖላንዳውያን ናቸው። ማሪያን ሬየፍስኪ በ1932 መጨረሻ መንገዱን አገኘ። ጀርዚ ሩዚትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ አብረውት ነበሩ። ጦርነቱ ሊጀመር 5 ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በሐምሌ 1939፣ ዋርሶ አጠገብ ፒሪ በተባለ ጫካ ውስጥ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ሰዎች ጠርተው ያላቸውን ሁሉ አስረከቡ። ብሌችሊ ከዚያ ነው የተነሳው። ቱሪንግ የነደፈውን፣ «ቦምብ» የሚባለውን የኤኒግማ መፍቻ ማሽን (ፈንጂ አይደለም) በእጅጉ ያፈጠነው ደግሞ ጎርደን ዌልችማን ነው። ሎሬንዝ የተባለውን ሌላውን የጀርመን ማሽን አሠራር ማሽኑን አይቶት ሳያውቅ በወረቀትና በእርሳስ የደረሰበት ቢል ታት ነው። ያንን ለመፍታት ኮሎሰስ የተባለውን ማሽን የሠራው የፖስታ ቤት መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ነው። ማሽኑ በ1944 መግቢያ ላይ ብሌችሊ ገብቶ ሥራ ጀመረ።

ጸሐፊው አንድ ነገር በትክክል አስታውሰውናል፤ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነበር። ወደ 10,000 ከሚጠጉት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ። ይህን መጻፋቸው ደስ አሰኝቶኛል። እንዲያውም ይበልጥ በገፉበት ኖሮ የአንድ ሊቅ ተረቱ በራሱ ጊዜ ይፈርስ ነበር። ማቪስ ሌቨርን ውሰዱ። በ1941 ገና 19 ዓመቷ ነው። ከፈረሶቹ ጋጣ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት፣ ከአንጋፋው ምስጢር ፈቺ ከዲሊ ኖክስ ጋር ነው የምትሠራው። የጣሊያን ባሕር ኃይል መልእክት በእጇ ተፈታ። በዚያ መረጃ የእንግሊዝ መርከቦች በመጋቢት 1941 ግሪክ አጠገብ፣ ማታፓን ላይ ጣሊያንን አሸነፉ። ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ በሦስት ፈረቃ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ፣ ስምንት ስምንት ሰዓት ቆመው ማሽኑን ያንቀሳቅሱ ነበር። ስለ ሥራቸው ለባላቸው እንኳን ሳይናገሩ ሠላሳ ዓመት ኖሩ።

«እዚያ ቤት ተቀምጦ» የሚለውም ይታረም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ትልቁ ቤት ውስጥ ነበር። ጣሪያው ላይ ባለው የውኃ ታንከር ማማ ውስጥ ሳይቀር ሬዲዮ ተተክሎ ነበር። ግን ሰው ሲበዛ ሥራው ሣሩ ላይ ወደተሠሩት «ሀት» የሚባሉ የጣውላ ቤቶች ወጣ። የቱሪንግ ክፍል ሀት 8 ነው። ክረምት ይበርዳል፣ በጋ ይሞቃል፤ የሚረግጡት ወለል ይንቋቋል። ማነር ቤቱ የአለቆች ቢሮ ሆነ።

የኢትዮጵያው ነገር ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። እውነት ያለበት ቦታ ስላለ ከእሱ ልጀምር። ብሌችሊና ካይሮ የነበረው ቅርንጫፍ በ1941 የጣሊያንን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር መልእክት ያነቡ ነበር። ለከረን ውጊያና ከዚያ በኋላ ለነበረው ዘመቻ መረጃው በእጅጉ ጠቅሟል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅምና ጸሐፊው ማንሳታቸው ጥሩ ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ነጻ ያወጣን ያ ቤት ነው» ማለት ግን በምንም መንገድ አይቻልም። ብሌችሊ ላይ የመጀመሪያው ምስጢር ፈቺ ከባቡር ሲወርድ አርበኞቻችን ከሁለት ዓመት በላይ ሲዋጉ ቆይተዋል። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሺዎችም በየጫካው። ጠላት ከተማና ምሽግ ይዞ ገጠሩን መያዝ ያቃተው በእነሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ሲገቡ የተቀበሏቸው፣ ወደ ውስጥም ያደረሷቸው እነዚሁ ናቸው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ለመግባት የበቁት በእነሱ ትከሻ ጭምር ነው። (እነዚህ ሁለት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) የተፈታ መልእክት ለአዛዥ ጠላት የት እንዳለ ይነግረዋል። ተራራውን የሚወጣው ሰው ነው። የአያቶቻችንን ደም ለአንድ የእንግሊዝ ቤት ስጦታ ማድረግ አልችልም፤ ጸሐፊውም ይህን አስበው የጻፉ አይመስለኝም።

አራተኛው ነጥብ የምክራቸው መሠረት ነው። እንግሊዞች ቅርስ ያከብራሉ፣ ቤቱንም ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ ጠብቀውታል። በጣም የተሳሳቱት እዚህ ነው።

ከጦርነቱ ማግስት የሆነው እንዲህ ነው። ኮሎሰስ 10 ተሠርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ተነቃቅለው ተበታተኑ። የቦምብ ማሽኖቹም እንደዚያው ፈረሱ። ወረቀት ተቃጠለ። ምስጢር ነዋ! ግቢው ለተለያየ መሥሪያ ቤት ተከፋፈለ። የፖስታና የስልክ ሠራተኞች ሠለጠኑበት። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ተማሩበት። የስለላ መሥሪያ ቤቱም እስከ 1987 ድረስ ለሥልጠና ተጠቅሞበታል። በእነዚህ ዓመታት ቤቱ ቆሞ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግን፣ ቧንቧው ሲፈነዳ የሚጠራ ሰው ነበረበት።

አደጋው የመጣው እነሱ ሲወጡ ነው። በ1990 ግቢው ባዶ ሊሆን ተቃረበ፤ ፈርሶ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ታሰበ። ልክ ፎክነር በ1937 አስቦት እንደነበረው። ያስቆመው መንግሥት አይደለም። በ1991 የአካባቢው የታሪክ ማኅበር አባላት በሕይወት ያሉትን የብሌችሊ ሠራተኞች ፈልገው ለስንብት ግብዣ ጠሩ። ቤቱ ሊፈርስ ነውና ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበቱት ነበር ነገሩ። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ መጡ። ያንን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉት ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። የሰሟቸው ሰዎች ይህ ግቢማ አይፈርስም ብለው ተነሱ። በየካቲት 1992 የሚልተን ኪንስ ምክር ቤት አብዛኛውን ግቢ ጥበቃ የሚደረግለት አካባቢ አድርጎ አወጀ። በዚያው ሰሞን ግቢውን የሚጠብቀው ማኅበር፣ የብሌችሊ ፓርክ ትረስት፣ ተቋቋመ። ከዓመት በኋላ ለጎብኚ ተከፈተ።

ከዚያም በኋላ ገንዘብ አልነበረም። ሀቶቹ በሰበሱ። የትልቁ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። በ2008 ከመቶ በላይ ምሁራን ይህ ለአገር ውርደት ነው ብለው በጋዜጣ ደብዳቤ አወጡ። በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ታድሶ የተመረቀው በሰኔ 2014 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 69 ዓመት ሊሆነው!

ሌሎቹ ማነር ቤቶችስ? ብዙዎቹ ይህንንም አላገኙም። የውርስ ግብር ከበደ፣ የእርሻ ገቢ ወረደ፣ ወንዶች ልጆች በአንደኛው ጦርነት አለቁ፣ ቤት የሚያገለግል ሠራተኛ ጠፋ። በሁለተኛው ጦርነት ወታደር የሰፈረባቸው ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ ተጎድተው ተመለሱ። ባለቤቶቹ የጣሪያውን የእርሳስ ብረትና እንጨቱን ለቃቅመው እየሸጡ አፈረሷቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከ1,000 በላይ የገጠር ታላላቅ ቤቶች ፈርሰዋል። በ1955 ማፍረሱ ጣሪያ ደርሶ በየአምስት ቀኑ አንድ ቤት ይወድቅ ነበር ይባላል። የተመዘገበ ሕንፃን ለማፍረስ ፈቃድ የግድ የሆነው በ1968 ሕግ ነው። በ1974 ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ ፈረሱት ቤቶች ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ብዙ እንግሊዛዊ ያጣውን ነገር ልክ ያየው ያኔ ነው። ይህን የምዘረዝረው እንግሊዞችን ለመውቀስ አይደለም። እኛ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲፈርስ «የሠለጠነ አገር እንዲህ አያደርግም» እያልን ራሳችንን ስለምንረግም ነው። አድርጓል። ተጸጽቷል። ከጸጸቱም ሕግ አውጥቷል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ብዙ አለ።

አሁን መደምደሚያቸው ላይ ደረስን፤ ሰው ይውጣና ይታጠር የሚለው ላይ።

በነሐሴ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ብሌችሊ ወስጃት ነበር። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቤቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «የማን ነው?» አለችኝ። የድሮውን ነገርኳት። «አይ፣ አሁን ማን ይኖርበታል?» አለች። ማንም አልኳት፤ ሰው እየመጣ ያየዋል፣ ይሠራበታል። «እንዲያ ከሆነ ደህና። ባዶ መስሎኝ ፈርቼለት» አለች። እናቴ ያደገችው ጎጆ ቤት ውስጥ ነው። የሣር ክዳን ጭስ ካልነካው ነቀዝና ምስጥ እንደሚጨርሰው ታውቃለች። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ጎጆ ክረምቱን ሁለቴ አይሻገርም። እሷ ከልጅነቷ የምታውቀውን ነው ብሌችሊ ከ1987 በኋላ ያየው።

በአካባቢያችን ያሉትን ሌሎች ቤቶች ልጥቀስ። ዎልተን ሆል በጦርነቱ ጊዜ ብሌችሊ የሚሠሩ የባሕር ኃይል ሴቶች ያድሩበት ነበር። ዛሬ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ዋደን ሆል ከብሌችሊ ማማ ላይ የተነሳው የሬዲዮ ጣቢያ የሄደበት ነው። ጌይኸርስት የተባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ግቢው ውስጥ ቦምብ ማሽኖች ነበሩበት፤ አሁን መኖሪያ ነው። አንዳቸውም በመታጠር አልተረፉም።

ለእኛ ቅርብ የሆነም አለ። ባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ሐውስ ማነር ቤት አይደለም፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለጠጋ የሠራው ቪላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 ኖሩበት። ያንን ቤት ምን አደረጉት? ቆልፈው ሐውልት አላደረጉትም። በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ የአረጋውያን መኖሪያ ይሁን ብለው። ዛሬም የአካባቢው አዛውንት ይሰበሰቡበታል፤ ኢትዮጵያውያንና ራስተፈሪያንም ይሳለሙታል።

አዲስ አበባም ቢሆን ማስረጃው ዓይናችን ሥር ነው። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል። ቤተ መንግሥት ነበር። በወረራው ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ፤ የየካቲት 12 እልቂት የተጀመረው ከዚያ ግቢ ነው። ከድል በኋላ እንደገና ቤተ መንግሥት ሆነ። ኋላ ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ስንት ትውልድ በዚያ በር ገብቶ ተምሯል! ዛሬ ላይብረሪ አለው፣ ሙዚየም አለው፣ የንጉሡና የእቴጌዪቱ መኝታ ክፍልም ይጎበኛል። በጸሐፊው ምክር ብንሄድ ኖሮ ተማሪው ወጥቶ በሩ ተቸንክሮ ይቀር ነበር።

ይህን ስል ማንኛውም አገልግሎት ለማንኛውም ቤት ይስማማል እያልኩ አይደለም። ጸሐፊው የፈሩት ነገር መሠረት አለው። ግድግዳ ሰርስሮ አየር ማቀዝቀዣ የሚሰቅል ቢሮ፣ የጥንቱን ጣውላ ነቅሎ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ምግብ ቤት አይተናል። ያ መከልከል አለበት። ግን መከልከል ያለበት ሰርሳሪው ነው፤ ገብቶ የሚኖረው፣ የሚማርበት፣ የሚያጸዳውና ኪራይ የሚከፍለው ሰው ሌላ ነው። የሕንፃው የትኛው ክፍል እንደማይነካ ተጽፎ ይቀመጥ። ከዚያ ሰው ይግባ።

አንድ የቀረ ነገር። ጸሐፊው በተለይ የተቆጡት ሀት 4 ውስጥ ሻይ ስለሚሸጥ ነው። እውነት ነው፣ ይሸጣል። ሀት 4 በጦርነቱ ጊዜ ከባሕር ኃይል መልእክት የተገኘው መረጃ የሚተረጎምበትና የሚተነተንበት ነበር። ከትልቁ ቤት ጎን ነው። ከእናቴ ጋር ገብተን ሻይና ኬክ ወሰድን። ጎናችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ለልጅ ልጃቸው የጣውላውን ግድግዳ እየጠቆሙ ያሳዩታል። ልጁ ኬኩን ትቶ በጣቱ ግድግዳውን ይነካ ጀመር። እናቴ ልጁን እያየች ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች። ከዚያ እሷም እጇን ዘርግታ ከጀርባዋ ያለውን ጣውላ ዳሰሰችው።

ጸሐፊው ወደዚህ ብቅ ካሉ ይንገሩኝ። እዚያው ሀት 4 ሻይ እጋብዝዎታለሁ፤ ቀሪውን ቁጭ ብለን እንከራከራለን።